በውክልና የተቀዳ ደም

አያ ባምላኩን አፉ ባያጣድፈው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ ባለው አገር እሱ ያልተገኘበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ብቻ ሰው ተሰብስቦ ጆሮውን ከሰጠው፣ በዚያ ላይ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ከቀማመሰ፣ ምላሱን የሚይዝለት የለም። ያን የኅዳር እሑድ የሆነውም ይኸው ነው።

ሽማግሌዎች ቤቱ የመጡት ልጁን ትሕትናን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነበር። አጪው የአቶ ደረሰ ልጅ ወንዳወቅ ነው። አቶ ደረሰ ቡሬ ላይ በርበሬና በቆሎ የሚነግዱ፣ ከመናገራቸው በፊት ቃላቸውን የሚመዝኑ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ይነዳል። ትሕትና ልጁን ወዳዋለች። እናቷ አቻምየለሽም ወዳዋለች። ያልወደደው ባምላኩ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሹፌርነቱ ነው።

«ሹፌር! ዛሬ እዚህ፣ ነገ ነቀምት! የሚያድርበት የማይታወቅ!»

«ኧረ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ነው የሚነዳ፤ ማታ ማታ እናቱ ቤት ነው የሚያድር» ትለዋለች አቻምየለሽ።

«እናቱ ቤት ሲያድር ቆመሽ አይተሻል?»

ዓይኑን አፍጥጦ እንቢ እንዳይል ሚስቱንም ልጁንም ፈራ። ስለዚህ መላ ዘየደ። በዚያ ዘመን ከጋብቻ በፊት የኤድስ ምርመራ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይጠይቃል። ባምላኩ ግን ከዚያ የባሰ የሚያስጨንቅ ነገር ፈለገ። በአንዱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ፣ ሌላው ሰው እያንጎላጀ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ህይወት ስለ ጉበት ስታስተምር ሰምቶ ነበር። ሄፓታይተስ ሲ የሚባል አለ፣ በደም ነው የሚተላለፍ፣ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ጉበት ይጎዳል ብላ ነበር። ከስብሰባው ሁሉ እሱ ይዞ የወጣው ይህችን ብቻ ነው።

«የኤድሱ አይበቃኝም፤» አለ ሽማግሌዎቹ ፊት ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ። «የጉበቱም ይታይልኝ። ይች ሲ የሚሏት፣ ሳትናገር የምትበላ። እሷ የሌለችበት ደም ካልሆነ ልጄን አልሰጥም!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አብረው የመጡት አቶ ደረሰ ግን ፈገግ አሉ። «ደግ ብለዋል። ልጄ ይመረመራል።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! መለኪያውን ጨለጠና ደረቱን መታ። «በሰው ልጅ ላይ ብቻ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ! እኔ ራሴም ክንዴን እሰጣለሁ! የባምላኩ ደም ምን እንደሚመስል አገር ይየው!»

«እሰይ!» አሉ አቶ ደረሰ፣ ይህችን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል። «እኛ ዘንድ ቡሬ ጥሩ ላቦራቶሪ አለ። ልጄም እርስዎም እዚያው ተመርመሩ። በቀጠሯችን ዕለት የሁለታችሁም ውጤት እዚህ ይቀርባል። የአንዳችሁ ከቀረ ግን እኛም ደጅ መጥናቱን እንተዋለን።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ትሕትና ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «አባባ፣ ይህ ነገር በእርስዎ ሰበብ ከቀረ ሌላ ሰው እንዳያመጡብኝ። አላገባም» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። የባምላኩ አረቄ ከራሱ ላይ ወረደ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰውዬው መርፌ ይፈራል። ፍርሃቱም ለጉድ ነው። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሊወጋ ሄዶ ነርሷ መርፌውን ወደ ላይ ስታቀና ባየ ጊዜ ወንበሩን ይዞ ተዘርግቷል። ይኸው ሰው ግን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዋግምት ይታገማል! አያ ዘሩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ጀርባ በምላጭ ጫር ጫር ያደርጉና ቀንድ ደፍተው «መጥፎ ደም» ይመጣሉ። ባምላኩ እሳቸው እጅ ላይ ቀልድ እያወራ፣ ሰው እያሳቀ ነው የሚታገም። ይህ እንዴት ይሆናል ሲሉት፣ «ምላጭ ከላይ ነው የሚጭር። መርፌ ግን ውስጥ ገብቶ ይፈትሻል» ይላል።

እንግዲህ ሲጨንቀው የሚሄድበት አንድ ቤት አለ፤ የይሄይስ ቤት። ይሄይስ አብሮ አደጉ ነው፣ ኋላም የይሄይስ ሚስት ትሕትናን ክርስትና ስላነሣች አበልጁ ሆነ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ራስ ምታት እንኳ አሞት የማያውቅ ሰው ነው።

«አበልጄ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ምን ቀላመድክ ደግሞ?»

ነገረው። ይሄይስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እና የእኔን ደም ያንተ ነው ልትል?»

«ምን ልዩነት አለው? አንድ ወንዝ ነው የጠጣን። ቡሬ ላይ የእኔን መልክ ከደረሰ በቀር የሚያውቀው የለም። ክንድህን ትሰጣለህ፣ ስሜን ትናገራለህ፣ አለቀ።»

ይሄይስ አሰበ። «እሺ። ግን የአህያዋን ወሬ ዳግመኛ እንዳታነሣ።»

ይህ ከባድ ዋጋ ነበር። የአህያዋ ወሬ የባምላኩ ዋነኛ ጨዋታ ናት። በጎልማሳነታቸው ከማንኩሳ ገበያ ሲመለሱ ደንገዝገዝ ብሎ ነበር፤ ሣሩ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ይሄይስ «ጅብ!» ብሎ ዋንዛ ላይ ወጣ፤ ጅቡ ግን የቄሱ አህያ ሆና ተገኘች። ባምላኩ ይህችን በየሰርጉ ሲያወራት፣ የይሄይስን አወጣጥ በእጅ በእግሩ ሲያሳይ፣ ሰው በሳቅ ይሞታል። ይሄይስ ግን ሁልጊዜ መሬት መሬት ያያል።

«በሚካኤል ስም! ዳግመኛ አላነሣትም» አለ ባምላኩ።

በገበያው ቀን ቡሬ ወረዱ። መንገዱን ሙሉ ይሄይስ ባምላኩ መሆን ሲለማመድ ነበር፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን አጉልቶ፣ «የባምላኩ ደም ምን እንደሚመስል አገር ይየው!» እያለ። «አንተን ለመሆን ለካ አፍ ብቻ ነው የሚያስፈልግ» አለው። ባምላኩ ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ላቦራቶሪው ሁለት ክፍል ነው። በመጀመሪያው ናጂሃ የምትባል ባለሙያ ደም ትቀዳለች፤ በሁለተኛው ዘሀራ ትመረምርና ውጤቱን ለባለቤቱ ብቻ ትነግራለች። ይሄይስ ገብቶ የባምላኩን ስም በኩራት ተናገረ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ ሳይሰማው ጥጡን ይዞ ወጣ። «በል፣ እኔ ማረሻ ላስተካክል ገበያ ልሂድ፤ ውጤቱን አንተው ተቀበል፤ ስምህ አይደል» ብሎ ሄደ።

ባምላኩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ብርጭቆውን እያዟዟረ ጠበቀ። ስሙ ሲጠራ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጎርደድ ጎርደድ ብሎ ገባ። ዘሀራ በሩን ዘጋችና ወንበር ሰጠችው። የቡሬ የነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ሱቅ ውስጥ ከገበሬ ጋር ስታወራ ያደገች፣ ነገር ማስረዳት የምታውቅ።

«አባባ፣ የኤድሱ የለብዎትም። ነፃ ነዎት።»

«እግዜር ይስጥሽ! ብዬ ነበር እኮ!»

«የጉበቱ ግን…» አለችና አንዲት ነጭ ፕላስቲክ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ አሳየችው። «አንድ መስመር ብቻ ቢወጣ የለም ማለት ነበር። ይኸው ሁለት ወጣ።»

ባምላኩ ሁለቱን ቀያይ መስመሮች አያቸው። «የወፍ በሽታ ነው? እኔ ቤት የሌሊት ወፍ አይገባም።»

«ወፏ ምንም አላደረገች። ይህ ሄፓታይተስ ሲ ነው፤ በደም ነው የሚመጣ። ግን አይደንግጡ፣ ነገሩ ገና አላለቀም። ይህ መሣሪያ የሚያየው ራሱን ቫይረሱን አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያወጣው አንቲቦዲ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ነው ያገኘው። ጠዋት በረትዎ ደጃፍ የጅብ ኮቴ አገኙ እንበል። ጅቡ መምጣቱን አወቁ። አሁን እዚያው ጥሻ ውስጥ ይኑር ወይም ሄዶ ይሁን ግን ኮቴው አይነግርዎትም።»

ከአራዊቱ ሁሉ ጅብን መምረጧ ባምላኩን ቅር አሰኘው። «ታዲያ መሄዱ በምን ይታወቃል?»

«ሌላ ደም ቀድተን አዲስ አበባ እንልካለን። እዚያ ራሱን ጅቡን ይፈልጉታል። ቢገኝም መድኃኒት አለው፤ ሦስት ወር የሚዋጥ ክኒን ነው፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። አውቆ ዝም ያለ ነው የሚጎዳ። ለመሆኑ ዋግምት ታግመው ያውቃሉ?»

«በየዓመቱ።»

«በአንድ ምላጭ ስንት ሰው ነው የሚታገመው?»

ባምላኩ ግን ልቡ ሌላ ጋ ነበር። ስለ ይሄይስ እያሰበ ነበር። ያ ቀጭን፣ አሞት የማያውቅ ሰው አሁን ማረሻውን በትከሻው ይዞ ገበያ ለገበያ ይዞራል።

«ይበሉ የሁለተኛውን ደም አሁኑኑ እንቅዳ» አለች ዘሀራ። «የቅድሙ በየትኛው ክንድዎ ነው የተቀዳ?»

«በ… በቀኙ።»

እጀታውን ገለጠችው። ምንም የለም። ግራውን ገለጠችው። እሱም እንደተወለደ ነው። ጥጥ የለ፣ ጠባሳ የለ። ዘሀራ ክንዱን ቀስ አድርጋ መለሰችለትና ፊት ለፊት አየችው። ባምላኩን ላብ አጠመቀው፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ እንቢ ያለው ያኔ ነው።

«አባባ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤» አለች በመጨረሻ። «የመጣውን ክንድ የማን ነህ ብለን አለመጠየቃችን የእኛም ጥፋት ነው። ግን ይህን ደም የሰጠው ሰው አሁን በሰላም እየሄደ ነው፣ ምንም አያውቅም። እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

«እመጣለሁ፤» አለ ባምላኩ እየተነሣ። «ይዤው እመጣለሁ።» መውጫው መስሎት መጀመሪያ የከፈተው ግን በሩን ሳይሆን ቁም ሳጥኑን ነው።

ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የወንዳወቅ! ልጁ ገና ሲያያቸው ወርዶ እጅ ነሣና የፊተኛውን ወንበር ለቀቀላቸው። «አባባ፣ ምርመራው እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀ በአክብሮት።

«ክንዳችንን ሰጥተን መጣን!» አለ ይሄይስ ባምላኩን በክርኑ ጎሸም አድርጎ።

ባምላኩ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። ወንዳወቅ ፊቱን አይቶ ዝግ ብሎ መንዳት ጀመረ፤ መንገድ ላይ ቆሞም ውኃ ገዝቶ አመጣለት። ከኋላ ተሳፋሪው «ቶሎ በል እንጂ!» ሲል፣ «ሰው አሟቸዋል፣ ታገሡ» አለ። ባምላኩ ውኃውን ተቀብሎ ጠጣ፤ ይህን ልጅ ነው እንግዲህ ሊያስቀር የደከመው። በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ራሱን ጠላ። ለይሄይስ ሊነግረው ደጋግሞ አፉን ከፈተ፤ ይሄይስ ግን አዲስ ስለተስተካከለች ማረሻው ደስ ብሎት ያወራ ነበር፣ አልቻለም።

ቤቱ ገብቶ ራት ሲቀርብ እጁን አልዘረጋም።

«ምን ሆነሃል?» አለች አቻምየለሽ። «እህል ፊት ዝም ብለህ የምታውቀው እናትህ የሞቱ ለት ብቻ ነው።»

ሁሉንም ነገራት። ስለ ውክልናው ስትሰማ ምሰሶውን ይዛ ሳቀች። ስለ ሁለቱ መስመር ስትሰማ ሳቋ ቆመ።

«ቆይ እስቲ። አያ ዘሩ ሲያግሟችሁ ማንን ነው የሚያስቀድሙ?»

«ይሄይስን። እሱ ዝም ስለሚል።»

«ከዚያስ?»

«እኔን።»

«ምላጩን ይቀይራሉ?»

ባምላኩ አሰበ። አያ ዘሩ ምላጯን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ሲያደርጓት ታየው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ያችው ምላጭ፣ ያችው ጋቢ። እጁ ሳያውቀው ወደ ጀርባው ሄደ።

«ወየው!»

«እንግዲህ ያንተም ክንድ ሊወጣ ነው» አለች አቻምየለሽ።

ጠዋት ይሄይስ ጤፍ እያጨደ ነበር። ባምላኩ ሰላም ሳይል ማጭድ አነሣና ከጎኑ ገብቶ ማጨድ ጀመረ። ይሄይስ ቀና ብሎ አየው፤ ይህ ሰው ሳያወራ ሥራ ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ይሄይስ… ያ ደም ጥሩ ሆኖ አልወጣም።»

«ያንተ ደም?» አለ ይሄይስ እየሳቀ።

«ያንተ።»

ይሄይስ ማጭዱን እንደያዘ ቆመ። ባምላኩ ዘሀራ የነገረችውን ሁሉ፣ ኮቴውንም ጅቡንም፣ ክኒኑንም ሳያስቀር ነገረው። ይሄይስ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ታጭዶ የተከመረው ላይ ቁጭ አለ።

«መቼ ነው ያወቅህ?»

«ትናንት። እዚያው።»

«ስንሳፈር ታውቅ ነበር? ስለ ማረሻ ስቀባጥርልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አየህ» አለ ይሄይስ። የተቆጣ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል። «ያኔ ዋንዛው ላይ ማን ቀድሞ እንደወጣ እኔና አንተ እናውቃለን። በየሰርጉ ስትስቅብኝ አንድ ቀን ‹ተው› ብዬሃለሁ? እኔ የሳቀብኝን ሰው ሸሽጌ ይህን ሁሉ ዘመን ኖርኩ። አንተ የኔን ደም ይዘህ አንድ መንገድ ሙሉ ዝም አልከኝ።»

ባምላኩ ማጭዱን ጣለና አለቀሰ። እንባውን አልጠረገም። «ፈራሁ፤ አንተን እንዳላጣ ፈራሁ። ደግሞ እኔም ካንተ ቀጥዬ ነው የምታገም፤ እኔንም ሳይይዘኝ አይቀርም። በማርያም ይዤሃለሁ፣ እንሂድ፤ በየራሳችን ስም እንሂድ።»

ይሄይስ ወደ ማሳው አየ። ከዚያ ተነሥቶ የባምላኩን ማጭድ ከመሬት አነሣለት። «መጀመሪያ ይህን ማሳ ጨርስልኝ» አለ።

ዘሀራ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገቡ ስታይ ምንም አላለችም፤ ስማቸውን ራሷ ጠየቀቻቸው፣ ክንዳቸውንም ራሷ ያዘች። ይሄይስ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ሰጠ። ባምላኩ ተራው ሲደርስ ፊቱን ወደ ይሄይስ አዙሮ ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይ ጀመረ፤ «በሰማይ የምትኖር» ላይ ሲደርስ ራሱን ስቶ ተንሸራተተ። ሲነቃ ይሄይስ በባርኔጣው እያራገበለት ነበር። «አለቀ?» አለ። «ገና አልነካሁዎትም» አለች ዘሀራ። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተኝቶ፣ የይሄይስን እጅ ጨብጦ ሰጠ። በእሱም ላይ ሁለት መስመር ወጣ። የሁለቱም ሁለተኛ ደም ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

የቀጠሮው ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ። የወንዳወቅ ውጤት ንጹሕ ነበር፤ አቶ ደረሰ ይህን በጨዋነት ካስታወቁ በኋላ ወደ ባምላኩ ዞሩ። መጋረጃው ጀርባ ትሕትና ትንፋሽዋን ይዛለች። ባምላኩ ያን ዕለት አረቄ አልቀመሰም። ቆመ።

«የእኔ ንጹሕ አልወጣም፤» አለ። «ከዚያም በፊት የእኔ አልነበረም። መርፌ ፈርቼ አበልጄን በስሜ ላክሁት።» ሁሉንም፣ ቁም ሳጥን ከፍቶ መውጣቱን ጭምር ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጭራ ሲከልሉ፣ ቀጠለ፦ «ያመጣብንም ያች የአያ ዘሩ ምላጭ ሳትሆን አትቀርም። እሳቸው ያገሙት ሁሉ ቢመረመር ይሻለዋል።»

ሳቁ ድንገት ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ማጅራቱ ወሰደ። ሁለተኛው ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሸት አደረገ። አቶ ደረሰ ራሳቸው በጥቅምት ከቡሬ እየመጡ ይታገሙ ኖሯል፤ ትከሻቸውን ያዙና «ኧረ የሰው ያለህ!» አሉ።

«ልጁን በሹፌርነቱ ጠርጥሬ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ባምላኩ። «ከፈለጋችሁን ልጃችን ልጃችሁ ናት።»

አቶ ደረሰ ተነሥተው ሳሙት። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ፈነዳ፤ የአቻምየለሽ እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም።

በቀጣዩ ገበያ ሽማግሌው ሁሉ በወንዳወቅ ሚኒባስ ተጭኖ ቡሬ ወረደ፤ አያ ዘሩም ጭምር፣ ዳግመኛ አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰው ላያውሉ ምለው። ባምላኩ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ ይቆጣጠር ነበር። «እጀታ ይገለጥ! የወንድሙን ክንድ ይዞ የመጣ ሰው እንዳላገኝ!»

የአዲስ አበባው መልስ የመጣ ቀን ዘሀራን ለሁለቱም በአንድ ላይ እንድትነግራቸው ለመኗት። የይሄይስ ጅብ ሄዷል፤ ሰውነቱ ራሱ ታግሎ አባሮታል፣ የቀረው ኮቴው ብቻ ነው። የባምላኩ ጅብ ግን አለ።

ባምላኩ ወደ ይሄይስ ዞረ። «ያ በስሜ የወጣው ውጤት እንግዲህ ውሸት አልነበረማ!»

ባሕር ዳር ሐኪም አይቶት ክኒኑን ጀመረ። አረቄና ጠላ ተከለከለ፤ ይህ ከመርፌው ባሰበት።

ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ። ዳሱ ሞላ፣ ሰውም እንደ ልማዱ «ባምላኩ፣ የአህያዋን! የአህያዋን!» እያለ ጮኸ። ባምላኩ ብርዙን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። «ምያለሁ። አላወራም።»

«እኔ ልንገራችሁ» አለ ይሄይስ። ሰው ሁሉ ፀጥ አለ፤ ይሄይስ ሰው ፊት ሲናገር ማንም ሰምቶት አያውቅም። «ያን ዕለት ‹ጅብ!› ያልኩት እኔ ነኝ፣ እውነት ነው። ዋንዛው ላይም ወጥቻለሁ። ግን እኔ ስደርስ ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ቀድሞኝ የወጣ ሰው ነበር። ጨረቃ እስክትወጣ ቆየን። ከዚያ ከላይ ያለው ሰውዬ፣ ‹አበልጄ፣ አንተ ውረድና እየው› አለኝ። ወረድኩ። አህያ ነበረች።»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ትሕትና በባሏ ትከሻ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ባምላኩ ግን አልሳቀም፤ ይሄይስን ብቻ ያይ ነበር። ይህ ሰው ያኔም ወርዶለታል፣ ቡሬም ገብቶለታል፤ እሱ ሁለቱንም ጊዜ ጨዋታ መስሎት ነበር።

በዚህ መሐል አሳላፊው አረቄ ይዞ ባምላኩ ፊት ደረሰ። ይሄይስ ፈጥኖ እጁን ዘረጋ። «አምጣው ለእኔ፤ የሱ ወኪል እኔ ነኝ።»

ባምላኩ የይሄይስን እጅ ያዘ። «ተው አበልጄ» አለ። መለኪያውን በመዳፉ ከድኖ አሳላፊውን ቀና ብሎ አየው። «ይህን እንኳ በራሴ አፍ እንቢ ልበል።»